ነጠላዬ በምርጫው ማሽን ላይ

ሰው ሳልጠራው መጥቶ «ለምርጫ እኔ አደርስዎታለሁ» ሲለኝ፣ ከደግነቱ አስቀድሞ የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። ይህን ጠባይ ከአገሬ ይዤው መጣሁ እንጂ አትላንታ አላስተማረችኝም። ስለዚህ ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው ጎረቤታችን፣ ከምርጫው በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ከአትላንታ ዳር ሊልበርን በሚገኘው የልጄ ቤት ደጃፍ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀና «አባቴ፣ ማክሰኞ ኦፍ ነኝ፤ ቮት የሚያደርጉ ከሆነ እወስድዎታለሁ» ባለኝ ጊዜ፣ አመሰግናለሁ ከማለቴ በፊት ፊቱን መረመርሁ።

«እንደምመርጥ ማን ነገረህ?» አልሁት።

«ልጅዎ ናት። ሲትዝን ከሆኑ ወዲህ የመጀመሪያዎ ነው አለችኝ። እንዴት ይቅርብዎት?»

«ቢቀርብኝስ አንተን ምን ይጎዳሃል?»

ሳቀ። «አባቴ፣ እርስዎ እኮ ለ‹እንደምን አደሩ› እንኳ ምስክር ሳይቆጥሩ አይመልሱም!»

ይህ ሰው በዕድሜ ከልጄ ጥቂት የሚበልጥ፣ በዲቪ የመጣ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሕሙማንን በአልጋ እየገፋ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያደርስ ነው። በእምነቱ ፕሮቴስታንት ነው። እናቱ በሕፃንነቱ በካህን እጅ እንዳስጠመቀችው፣ ኋላ እርሱ በጉልምስናው መንገዱን እንደ ለወጠ፣ ራሱ ሳይደብቅ ነግሮኛል። ይህንንም በልቤ ይዤበት ነበር። ይልቁንም ያስጠረጠረኝ ግን በቤቱ ፊት፣ በሣሩ ላይ የተከለው ሰሌዳ ነው። በዚያ ዓመት ለጆርጂያ አገረ ገዥነት ከሚወዳደሩት የአንደኛው ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፎበት መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። እኔ ባደግሁበት አገር ምርጫውን በደጁ ተክሎ የሚያድር ሰው፣ ወይ የሚፈራው የለም፣ ወይ ራሱ የሚፈራ ነው።

ለምን እንዲህ እንደማስብ አንባቢ ይወቅልኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልኝና፣ በአገራችን በአንድ የምርጫ ዓመት ዓይኗ ደክሞ ነበር። በሰፈራችን ሰዉን አንድ ለአምስት እያቧደነ የሚጠብቅ፣ ጠርናፊ የሚባል ጎልማሳ ነበረ። በምርጫው ዕለት ማለዳ መጣና «እማማ፣ መንገዱ ያደክምዎታል፤ እኔ ልደግፍዎት» ብሎ ክንዷን ያዘ። ደግፎ ወሰዳት፤ ከመጋረጃው ውስጥም አብሯት ገባ። የፈለገችውን ምልክት ነገረችው፤ እርሱም ጣቷን ይዞ እዚያው ላይ አሳረፈላት፤ አልዋሻትም። ክረምቱ ሳይወጣ የበኩር ልጃችን ከወረዳው ሥራ «በመዋቅር ለውጥ» ተሰናበተ፤ ተሰዶም ዐረብ አገር ገባ። ጠርናፊው ግን በየማለዳው እንደ ቀድሞው እጅ እየነሣ ሰላም ይለን ነበር። ፊቱ ከቶ አልተለወጠም። እኔም ከዚያ ወዲህ ድምፄን ከፈጣሪዬ በቀር ለማንም ላላሳይ ከራሴ ጋር ተማማልሁ።

ማታ ለልጄ ነገርኋት። ነርስ ናት፤ ማክሰኞ ከማለዳ እስከ ምሽት ተረኛ ነበረች።

«አባዬ፣ ሺፍት መቀየር አልቻልኩም፤ ሞክሬአለሁ። እሱ ይውሰድህ በቃ። ምን ችግር አለው?» አለችኝ። ልጄ በአገሯ ሳለች «እርስዎ» ትለኝ ነበር፤ የአሜሪካ ሥራ ፋታ ስለማይሰጥ ይመስለኛል፣ አጭሩን ይዛለች።

«ሰሌዳ የተከለ ሰው ነው» አልኋት።

«ሰሌዳ ስለተከለ አይበላህም!»

«ከገዥው በታች ያሉትስ ሹመኞች? የስቴቱን ጸሐፊ፣ ዐቃቤ ሕጉን፣ የእርሻውን፣ የኢንሹራንሱን ሹም ሁሉ በአንድ ቀን ምረጡ ይሉናል። እነዚህን ማን ያውቃቸዋል?»

«የኢንሹራንስ ኮሚሽነር ማን እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ አባዬ። ስኪፕ አድርገው!»

ለእርሷ ቀላል ነው። እኔ በተማርሁበት ሥርዓት ግን ሰው ሲሾም ሕዝቡ «ይደልዎ» ይላል፤ ይገባዋል ማለት ነው። ያላወቁትን ይገባዋል ማለት የሐሰት ምስክርነት ነው፤ ከዐሠርቱ ትእዛዛት አንዱንም መሻር ነው። ስለዚህ የማላውቃቸውን ልተዋቸው፣ ስለ አገረ ገዥው ግን ብዙ ወራት ሰምቼ፣ አመዛዝኜ፣ የቆረጥሁትን ሰው ልመርጥ ወሰንሁ። ማንን እንደ ሆነ ለልጄም አልነገርኋት፤ እዚህም አልጽፈውም።

ስለ ጎረቤታችን አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ዓመት በጋ የልጁን ልደት ሲያከብር ጠርቶን ነበር። ማዕዱ ሲቀርብ ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ደፍተው ረጅም ጸሎት ጸለዩ። እኔ እንደ አባቶቼ ዓይኔን ገልጬ ወደ ምሥራቅ ቆምሁ። ጸሎቱ ሲፈጸም አላስችል ብሎኝ «ሁላችሁም እንዲህ ጨፍናችሁ ሳለ ሌባ ቢገባስ?» አልሁት። እርሱም ሳህኑን እያቀበለኝ «እርስዎ ገልጠው እየጠበቁን ምን ሌባ ይደፍራል፣ አባቴ!» አለኝና ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ነገር ግን ዓይኑን ጨፍኖ የሚጸልይ ሰው ጨፍኖ ይሁን አጮልቆ እያየ፣ ከእርሱ በቀር ማን ያውቃል ብዬ አስቤ ነበር።

የምርጫው ዕለት ጥቅምት ሃያ ሰባት፣ መድኃኔ ዓለም ሆኖ ዋለ። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አስቀደስሁ፤ ከማኅበረ ካህናቱ አንዱ ወደ ቤት መለሰኝ። ጎረቤታችን ከቀትር በኋላ መጥቶ ሲያንኳኳ ነጠላዬን እንደ ለበስሁ፣ መቋሚያዬን እንደ ያዝሁ ነበርሁ፤ እንዲሁ ወጣሁ።

«ቡና ልግዛልዎ? መንገዳችን ላይ ነው» አለኝ ሞተሩን እያስነሣ።

«ጾም ነኝ።»

«ማክሰኞ?»

«ጽጌ ነው።»

«ጽጌ! እኔ እኮ ረስቼዋለሁ።»

«ረስተኸው አይደለም፤ ትተኸው ነው።»

«እሱም አለ» አለና በልቡ ሳይይዝ ሳቀ። የማይቆጣ ሰው ሁልጊዜ ያሳስበኛል።

ጥቂት እንደ ሄድን ከአውራ ጎዳናው ታጥፎ ሰፊ ቅጥር ገባ። ቀና ብዬ ባይ በጣሪያው ላይ መስቀል ቆሟል፤ የሕንጻው አሠራርም የእኛ አይደለም።

«ይህ የእናንተ ቸርች ነው» አልሁት፤ የመቋሚያዬን አንገት ጨብጬ።

«የእኛ አይደለም፣ የፈረንጆች ነው። የእርስዎ መምረጫ እዚህ ነው፤ በየሰፈሩ በቸርችም በትምህርት ቤትም ነው የሚያደርጉት።»

«ምርጫ ነው ወይስ ስብከት?»

«ስብከት ቢሆን ኖሮ አስቀድሜ ምሳ እጋብዝዎት ነበር! ያውልዎት፣ ሰሌዳውን ያንብቡት።»

ለዜግነቱ ፈተና ጥያቄና መልሱን እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤ፣ ፊደሉንም በዝግታ ማንበብ ለምጄ ነበርና አነበብሁት፤ በዚህ ይምረጡ ይላል። ሰውም ተሰልፏል። ቢሆንም ከደጁ ስደርስ ቆምሁ። በቤተ መቅደስ ደጅ ጫማዬን ሳላወልቅ ገብቼ አላውቅም። በዚህ ግን አላወለቅሁም፤ ለምርጫ እንጂ ለስግደት እንዳልመጣሁ ሕንጻውም ይወቀው ብዬ፣ ከነጫማዬ ተሻገርሁ።

«አንተስ አትገባም?» አልሁት።

«እኔ ባለፈው ሳምንት ኧርሊ ቮት አድርጌአለሁ። እዚሁ ደጁ ላይ እጠብቅዎታለሁ።»

የራሱን ጨርሶ ሌላውን ሊያደርስ የመጣ! ሰልፉ እየገፋኝ ወደ ውስጥ ስገባ፣ ይህ ነገር እንደ እሾህ በውስጤ ቀረ።

ቦታው የኳስ መጫወቻ አዳራሽ ነው፤ በግራና በቀኝ የኳስ ቅርጫት ተሰቅሏል። አስመራጮቹ ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። አንዲት ጠጉረ ነጭ ሴት መታወቂያዬን ተቀብላ፣ ስሜን አግኝታ፣ መቋሚያዬን እያየች «ይህ ምንድን ነው?» አለች። ለጸሎት የምንደገፍበት ነው አልኋት። አንገቷን ነቅንቃ አንድ ቢጫ ካርድ ሰጠችኝና ወደ ማሽኖቹ አመለከተችኝ።

መጋረጃ ያለ መስሎኝ ነበር። የለም። ማሽኖቹ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በየግራ ቀኛቸው የእጅ መዳፍ የምታህል ክንፍ አለቻቸው፤ ሌላ የሚከልላቸው የለም። በቀኜ የቆመው ሰው ረጅም ነው፤ አንገቱን ትንሽ ቢያዘነብል የእኔን ያየዋል። በጣሪያው ላይ ደግሞ ጥቁር፣ ክብ መስተዋት ተለጥፎ አየሁ፤ ካሜራ መሆን አለበት። ካርዱን አስገባሁ፤ ስሞቹ በጣት በሚነካው ስክሪን ላይ አበሩ። በዚያን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ከሰው ዓይን ተሰውሬ ስጸልይ እንደማደርገው ነጠላዬን በራሴ ላይ ተከናነብሁ፤ ጫፉንም በማሽኑ አናት ላይ ጣልሁት። እኔና ማሽኑ ብቻችንን በአንድ ድንኳን ውስጥ ሆንን።

አቡነ ዘበሰማያትን ደግሜ የመረጥሁትን ሰው ስም ነካሁ። ምልክቱ ሲያርፍበት አየሁ። የማላውቃቸውን ሹመኞች ልጄ እንዳለችው እያለፍሁ፣ አንዳንዴም ነጠላዬ ሲንሸራተት እየመለስሁ፣ ገጹን ወደ ኋላም ወደ ፊትም እያልሁ ጨረስሁ። መጨረሻ ላይ የመረጡትን ሁሉ ሰብስቦ የሚያሳይ ገጽ መጣ። በዝግታ አነበብሁ። በአገረ ገዥው ስፍራ ያለው ስም እኔ የመረጥሁት አይደለም።

ወደዚያው ገጽ ተመልሼ የእኔን ሰው ስም ነካሁ። ምንም የለም። ጠበቅ አድርጌ ነካሁ። ምልክቱ በሌላው ላይ እንደ ተቀመጠ ነው፤ አልተነቃነቀም። በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ማሽኖቹ ድምፅ ይለውጣሉ እያለ ያወራ ነበር፤ በቅዳሴ መውጫ መኪና ማቆሚያው ላይ ሳይቀር ሰምቻለሁ። በዓይኔ ያየሁት መሰለኝ። ትቼ ብወጣ ምርጫዬ ሳይፈጸም ይቀራል፤ ምርጫውን የሚያጸድቀውን የመጨረሻውን ቁልፍ ብነካ በስሜ ሐሰት ይመሰክራል፤ ላልመረጥሁት ሰው «ይደልዎ» ብያለሁ ማለት ነው። ሰው ብጠራ ደግሞ ልቤን ከፍቼ ማሳየት ነው።

ጠጉረ ነጯ ሴት መዘግየቴን አይታ መጣች። ደህና መሆኔን ጠየቀች። ነጠላዬን አጠበቅሁና «አማርኛ» አልኋት፤ «ጎረቤቴ፤ ደጅ ላይ ነው።» እርሷ ብታስረዳኝ እንግሊዝኛዋ ይፈጥንብኛል፤ ያለ ማየትም አታስረዳኝም። ቋንቋዬን የሚሰማው ያው የጠረጠርሁት ሰው ብቻ ሆነ። ጠሩት፤ መራጭ የሚረዳ ሰው እንዲፈርም በሚያደርጉት ወረቀት ላይ ፈረመና ኮፍያውን በብብቱ ይዞ መጣ። የባለቤቴን ክንድ የያዘው እጅ ታየኝ።

«ምን ሆኑ፣ አባቴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«የመረጥሁት ሌላ፣ የታየኝ ሌላ!»

«ልየው?»

«አታየውም!»

«እሺ… ሳላየው እንዴት ልርዳዎት?»

ከኋላችን ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ሴቲቱም ሰዓቷን ትመለከታለች። እርሱ ጥቂት አሰበና በጢሙ ውስጥ ፈገግ አለ።

«ይቆዩ። እኛ መቼም ዓይን መጨፈን እንችልበታለን» አለ። ከዚያም ከማሽኑ አጠገብ እንደ ቆመ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ዓይኑን ጨፈነ፤ ልክ በልጁ ልደት ማዕድ ላይ እንዳየሁት።

«አሁን ምልክቱ ያረፈበትን ስም ራሱን ይንኩት።»

«ያልፈለግሁትን ለምን እነካለሁ?»

«ካልነኩት አይለቅማ! መጀመሪያ እሱን ማጥፋት አለብዎት፤ አለዚያ ሌላውን አይቀበልዎትም።»

ነካሁት። ምልክቱ ጠፋ። «ጠፋ» አልሁ፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«አሁን የእርስዎን።»

የእኔን ነካሁ፤ ምልክቱ መጥቶ አረፈ።

«እና አባቴ፣ ነጠላዎን ከስክሪኑ ላይ ያንሱት» አለኝ፤ እንደ ጨፈነ። «ስገባ ተከናንበው አይቻለሁ። ማሽኑ ጣትና ጨርቅ አይለይም፤ የተጫነውን ሁሉ ይቀበላል።»

የነጠላዬን ጥለት አየሁት። በስሞቹ ላይ ተኝቶ ነበር። እንግዲህ ያ ሌላ ስም ማሽኑ የለወጠው ይሁን የእኔው መሸፈኛ የነካው፣ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ወደ ጨርቁ ግን አደላለሁ። ሰብስቤ በትከሻዬ ላይ ጣልሁት። ማሽኑም ራቁቱን ቀረ።

ሴቲቱ በቀስታ ቀረብ ብላ ሰውየውን እያሳየችኝ «እየጸለየ ነው?» አለች።

«የለም፣ እየረዳኝ ነው» አልኋት።

የመጨረሻውን ከመንካቴ በፊት ዘወር ብዬ ሽፋሽፍቱን መረመርሁ። አልተርገበገበም። ግን እኔ በተሸበርሁባቸው በእነዚያ ጥቂት ቅጽበቶች፣ ስሙን ልፈልግ ባጎነበስሁ ጊዜ፣ ዓይኑን ገልጦ እንደ ሆነ ማን አየው? የመጨረሻውን ነካሁ፤ ካርዱ ተስፈንጥሮ ወጣ።

ስንወጣ የኮክ ፍሬ የተሣለበት፣ መርጫለሁ የሚል ተለጣፊ ሰጡኝ። ሴቲቱ ነጠላዬ ላይ ልትለጥፈው ስትል በእጄ ተቀበልኋት።

በመኪናው ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ ጎረቤቴ ጉሮሮውን ጠረገና «አባቴ፣ ማንን…» ሲል ስልኩ ጮኸ። ልጄ ነበረች፤ በእረፍቷ ደውላ ነው። «መረጠ? በቃ? አልተጣላም?» ትለዋለች፤ ድምፅ ማጉያው ላይ ነበረችና እሰማታለሁ። እርሱም «ኧረ ጀግና ናቸው! አንድ ማሽን ብቻ ነው ያሸነፈን፣ እሱንም መልሰን አሸነፍነው» ይላታል። ስልኩ ሲዘጋ ከቤታችን ደጃፍ ደርሰን ነበር። የጀመረውን ነገር አልጨረሰውም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። «ማንን» ብሎ ምን ሊል ነበር? ማንን መረጡ? ማንን ልጥራልዎ ለእራት? ያችን አንዲት ቃል እንደ ቅኔ ዘረፋ አገላብጬ አይቻታለሁ፤ ምሥጢሯ አልፈታልኝም።

የምርጫው ውጤት በአንድ ሌሊት አልጠራም፤ ብዙ ቀን ሲያከራክር ሰነበተ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውጤቱን ሳይሆን የጎረቤቴን ፊት እከታተል ነበር። የመረጥሁት ሰው የእርሱ ሰሌዳ ላይ ያለው ከሆነና አውቆት ከሆነ ይሞቅልኛል፤ ካልሆነና አውቆት ከሆነ ይቀዘቅዝብኛል ብዬ አሰላሁ። አልሞቀም፤ አልቀዘቀዘም። ሰሌዳውን ነቅሎ ጋራዡ ውስጥ ሲያስገባ እንኳ እንደ ወትሮው እጁን አውለበለበልኝ። ይህ ሊያሳርፈኝ በተገባ ነበር። ነገር ግን የጠርናፊውም ፊት አልተለወጠም ነበርና፣ ያልተለወጠ ፊት ለእኔ ምስክር አይሆነኝም።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ እንደገና ደጃፋችን ላይ ቆመ።

«አባቴ፣ ራንኦፍ አለ። የስቴቱ ጸሐፊ ምርጫ በመጀመሪያው አልተለየም፤ ድጋሚ ነው። ይሄዳሉ?»

የስቴቱ ጸሐፊ ማለት ምርጫዎቹን የሚያስተዳድረው ሹም መሆኑን ያን ጊዜ ተምሬ ነበር፤ የሁለቱንም ተወዳዳሪዎች ነገር ልጄ እያነበበችልኝ አጥንቻለሁ። «እሄዳለሁ» አልሁ። ነጠላዬን ግን አጥፌ ወንበሬ ላይ አስቀምጬው በካፖርቴ ወጣሁ። እርሱም ያንን አየ።

«ቡና?»

«ጾም ነኝ።»

«አሁንም? ጽጌ አላለቀም እንዴ?»

«ነቢያት ገባ።»

«ኧረ እናንተ መቼ ነው የምትበሉት!»

ቅጥሩ ውስጥ ደርሰን ሞተሩን ሲያጠፋ «እዚሁ መኪናህ ውስጥ ሁን፤ ካስፈለግኸኝ እጠራሃለሁ» አልሁት።

«እሺ። ዓይኔን ጨፍኜ እጠብቅዎታለሁ» አለኝ።

ያን ዕለት ሰልፍ አልነበረም። ማሽኑ ፊት በተገለጠ ራስ ቆሜ፣ የመረጥሁትን ነክቼ፣ አጠቃሎ ሲያሳየኝ አንብቤ፣ ያው መሆኑን አይቼ ፈጸምሁ። በቀኜ ሰው ነበረ፤ ካሜራውም በጣሪያው ላይ እንደ ነበረ ነው። ቢያዩ ይዩ አላልሁም፤ ክንዴን በስክሪኑ ላይ ጋርጄ ነበር። ግን ማንንም አልጠራሁም።

ስወጣ ጎረቤቴ ከመሪው ኋላ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ተጨፍኗል። የኅዳር ፀሐይ በመስተዋቱ ላይ አርፋበታለች። ተኝቶ ይሁን፣ እየጸለየ ይሁን፣ በእኔ እየቀለደ ይሁን ለማወቅ ከመኪናው ፊት ቆሜ ብዙ ተመለከትሁት። ሽፋሽፍቱ አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ በመቋሚያዬ ጫፍ መስተዋቱን በቀስታ አንኳኳሁ፤ ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ሰደደና በሩን ከፈተልኝ።